የሴቶችን ታሪክ ዊኪፔዲያ ላይ ማስገባት፦ ምንጩን ከያዘው ጋር አብሮ የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ስልካችሁን አውጡና ዊኪፔዲያ ላይ ስንዱ ገብሩን ፈልጉ። አንዴ «ስንዱ»፣ አንዴ «ሥንዱ»፣ አንዴ «ሰንዱ» እያላችሁ ሞክሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አዚናራ ደሴት ላይ ታስረዋል። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። በ1957 እ.ኤ.አ. ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። መጽሐፍም ጽፈዋል። አሁን ያገኛችሁትን ገጽ ወደ ታች ሳቡና ግርጌውን እዩ። ስንት ምንጭ ተጠቅሷል? ከእነሱ ውስጥ ስንቱ አማርኛ ነው?

ይህ መመሪያ ስለዚያ ግርጌ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ቁጥር። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ውስጥ ካሉት የሕይወት ታሪኮች የዛሬ 10 ዓመት ገደማ የሴቶቹ 15 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. «ዊሜን ኢን ሬድ» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ተነሳ። ስሙ የመጣው ከቀይ ሊንክ ነው፤ ገና ያልተጻፈ ገጽ ሊንኩ ቀይ ሆኖ ይታያል። ዛሬ ቁጥሩ 20 በመቶ ገደማ ነው። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓመት አስለፍቶ የመጣው ይህን ያህል ነው። የእኛው፣ ራሱን «ውክፔዲያ» ብሎ የሚጠራው የአማርኛው፣ በጠቅላላው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው። ይህ ያሳዝናል፤ ግን መልካም ጎንም አለው። 6 ሰው አንድ ዓመት በደንብ ቢሠራ ለውጡ በዓይን ይታያል።

እኔ የጀመርኩት በተሳሳተው በር ነው። አዳራሽ ለመንን፣ ቡና አስፈላን፣ ከ20 በላይ ወጣት ሰበሰብን። በአንድ ቅዳሜ 14 ጽሑፍ ጻፍን። ፎቶ ተነሳን፣ ፌስቡክ ላይ ለጠፍን፣ ተጨበጨበልን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግማሾቹ ተሰረዙ። የቀሩትም አናታቸው ላይ «ምንጭ የለውም» የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጠፈባቸው። ተናደድኩ። ቆይቼ ሳየው ግን የሰረዘው ሰው እውነቱን ነው። ሁላችንም የጻፍነው ከጭንቅላታችንና ከአንድ ድረ ገጽ ላይ ነበር።

ምንጩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የድሮ ጋዜጣ ጥራዝ ውስጥ ነው። የማኅበር ቢሮ ሳጥን ውስጥ ነው። የልጅ ልጅ ቁም ሣጥን ላይ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው። ስለዚህ ሸሪክ ስትፈልጉ አዳራሽ ያለውን ሳይሆን ሳጥን ያለውን ፈልጉ። አዳራሽ የትም ይገኛል።

ደረጃ 1፦ ስም ዝርዝሩን አሳጥሩት

አስር ስም ይበቃል። መቶ ስም የያዘ ዝርዝር ለስብሰባ ያምራል እንጂ አይሠራም።

አስሩን ስትመርጡ ምንጫቸው አንድ አካባቢ እንዲሆን አድርጉ። «ታላላቅ ኢትዮጵያውያን ሴቶች» በጣም ሰፊ ነው፤ አንዷ ጎንደር፣ አንዷ ቤተ መንግሥት፣ አንዷ ሩጫ ሜዳ ላይ ናት። «የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ መምህራን» ግን ጥሩ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1931 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ የቀድሞ ተማሪዎቹ ይገኛሉ፤ የዘመኑ ጋዜጦችም ስለሱ ጽፈዋል። «አርበኛ ሴቶች»ም ጥሩ ነው፤ የአርበኞች ማኅበር አለ፣ የድል ቀኑም ሚያዝያ 27 ተቆርጦ የታወቀ ነው።

ለእያንዳንዷ በጎግል ሺት ወይም በደብተር አንድ መስመር ክፈቱ። ስሟ በአማርኛ ስንት ዓይነት ይጻፋል? በላቲን ፊደልስ? የአማርኛ ገጽ አላት? የእንግሊዝኛስ? ዊኪዳታ ላይ፣ ማለትም የዊኪፔዲያ እህት በሆነው የመረጃ ቋት ላይ፣ ተመዝግባለች? የፊደሉን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ሐና ሀ፣ ሠና ሰ፣ ዐና አ፣ ጸና ፀ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «የለችም» ብላችሁ አዲስ ገጽ ስትጽፉ በሌላው ፊደል ቀድማ ገብታ ልታገኟት ትችላላችሁ።

አንድ ሌላ መደበቂያ አለ፤ የባልና የአባት ገጽ። ከበደች ሥዩም የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅና የደጃዝማች አበራ ካሣ ባለቤት ናቸው። ባላቸው በጣሊያኖች ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመሩ የተዋጉት ግን ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለች ሴት ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ገጽ ላይ በአንድ ዓረፍ ነገር ታልፋለች። ያንን ዓረፍ ነገር ፈልጋችሁ መዝግቡት። ኋላ ላይ ወደ አዲሱ ገጽ ሊንክ የምታደርጉት ከዚያ ነው።

አሁን አስሩንም በአንድ ጥያቄ አጣሩ፤ ስለ እሷ እሷም ዘመዷም መሥሪያ ቤቷም ያልሆነ ሰው ጽፏል ወይ? ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ምንጭ ያስፈልጋል። ይህ ሕግ ጨካኝ ሊመስል ይችላል፤ አንዳንዴም ነው። ካናዳዊቷ ፊዚሲስት ዶና ስትሪክላንድ ይታወሱ። በሜይ 2018 ስለ እሳቸው የቀረበው ረቂቅ በቂ ገለልተኛ ምንጭ የለውም ተብሎ ተመለሰ። ኦክቶበር 2 ላይ የኖቤል ሽልማት አሸነፉ። ገጻቸው የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ዓለም ሁሉ በዊኪፔዲያ ላይ ጮኸ። ልክ ነው። ግን ጩኸቱ ግማሹ መድረስ የነበረበት ስለ እሳቸው ሳይጽፉ ለኖሩት ጋዜጦችና መጽሔቶች ነው።

እና አክስታችሁን ከዝርዝሩ አውጡ። አውቃለሁ፣ ጀግና ናቸው። ስለ ዘመድ መጻፍ ግን የጥቅም ግጭት ነው። ምንጩን ለሌላ ሰው ስጡና እሱ ይጻፍ።

ደረጃ 2፦ ሳጥኑ ማን ቤት ነው?

አዲስ አበባ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው። የድሮ ጋዜጦችና መጽሔቶች እዚያ አሉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣ ጋዜጣ ነው፤ ሴት ዳይሬክተር ስትሾም፣ ሴት ስትመረቅ፣ ሴት ስትከሰስ ጽፏል። ሁለተኛው 6 ኪሎ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነው። ያልታተሙ የመመረቂያ ጽሑፎችንም እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጠይቁ። ስንት ተማሪ ስለ ሴት አርበኞች፣ ስለ ሴት ነጋዴዎች፣ ስለ ጠላ ጠማቂዎች ለፍቶ ጽፎ መደርደሪያ ላይ ትቶት ሄዷል።

ቀጥሎ ማኅበራት። የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በ1935 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ.። ማኅበር ማለት ዓመታዊ ሪፖርት ማለት ነው፤ ቃለ ጉባኤ ማለት ነው፤ የምሥረታ በዓል መጽሔት ማለት ነው። ማኅበሩ ስለ ራሱ ሰዎች ያተመው ጽሑፍ ገለልተኛ ምንጭ አይሆንም። ግን ቀኑንና የሥራ ቦታውን ይነግራችኋል፤ ጋዜጣውን የት ቀን ላይ እንደምትፈልጉ ይጠቁማችኋል። 30 ዓመት ጥራዝ ከመግለጥ ያድናል።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብዙ የአማርኛ መጻሕፍትና ጋዜጦች አሉት። የአንባቢ ካርድ በነጻ ይሰጣል። አዲስ አበባ ያለው ቡድን ያጣውን ጥራዝ እናንተ ማየት ትችላላችሁ። ኢየሩሳሌም አካባቢ ያላችሁም ሥራ አላችሁ። የስንዱ ገብሩ እህት የውብዳር፣ ማለትም ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም፣ የኖሩትም በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፉትም እዚያ ነው።

አሁን አንድ ገጽ ቀረብ ብለን እንይ፤ ሥራው ምን እንደሚመስል ይገባችኋል። ከፊታችሁ ያለው ቢጫ የሆነ፣ ጠርዙ የሚፈረፈር የጋዜጣ ገጽ ነው። ፎቶው ላይ ሦስት ሰው አለ። ከሥሩ የሁለቱ ወንዶች ስም ከነማዕረጋቸው ተጽፏል። ሦስተኛዋ «ባለቤታቸው» ናት። ስም የለም። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ገጹን ዘግታችሁ አትሂዱ። የወንዱን ስም ያዙ፤ የሠርጉን ዜና፣ የሐዘኑን ማስታወቂያ፣ የተዝካሩን ጥሪ ፈልጉ። የሴት ሙሉ ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የሐዘን ማስታወቂያ የሴቶች ታሪክ መዝገብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደረጃ 3፦ ደብዳቤው

እኛ አገር በቃል የሚሠራ ነገር የለም። «ደብዳቤ አምጣ» ይባላል። ስለዚህ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሁለት ኮፒ። አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ተቀበሉ። የእኔ የመጀመሪያ ደብዳቤ ሁለት ወር ጠፍቷል። ቁጥር ስላልወሰድኩ የት ብዬ ልጠይቅ? ሦስተኛው ወር ላይ እንደገና ጻፍኩ።

ከደብዳቤው በፊት ግን አንድ ቀን እንደ ተራ አንባቢ ገብታችሁ ተቀመጡ። ጥራዙን የሚያመጣላችሁን ሰው ስም እወቁ። ኃላፊው ይፈርማል፤ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ግን እሱ ነው፣ ወይም እሷ ናት።

ሚዲያ፣ ዲጂታል፣ ስትራቴጂ የሚሉ ቃላትን ከደብዳቤው አውጡ። ይህን መነሻ አድርጉት፦

«ጉዳዩ፦ የሴቶችን ታሪክ የሚመለከቱ ጥራዞችን ለማየት ትብብር ስለመጠየቅ

ስማችን በአባሪ የተገለጸው 6 በጎ ፈቃደኞች በነጻው መዝገበ ዕውቀት በዊኪፔዲያ በአማርኛ እንጽፋለን። በአሁኑ ጊዜ በትምህርት ሥራ ላይ ስለነበሩ 10 ሴቶች ለመጻፍ በዝግጅት ላይ እንገኛለን። ስለሆነም የተዘረዘሩትን የጋዜጣና የመጽሔት ጥራዞች በ4 ተከታታይ ማክሰኞዎች ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት እንድናይ፣ ገጾቹንም ለማስታወሻ ያህል በስልክ ፎቶ እንድናነሳ እንዲፈቀድልን በትሕትና እንጠይቃለን። ጥራዞቹን ከንባብ ክፍሉ አናወጣም። በምንጽፈው ሁሉ የጥራዙን ቁጥርና ቀን እንጠቅሳለን። ሥራው ሲጠናቀቅ ያየናቸውን ገጾች ማውጫ አዘጋጅተን ለቤተ መጻሕፍቱ እናስረክባለን።

ከሠላምታ ጋር»

የመጨረሻዋ ተስፋ ናት በር የምትከፍተው። ማውጫ። «በዚህ ጥራዝ፣ በዚህ ገጽ፣ ስለዚህች ሴት ተጽፏል» የሚል ዝርዝር ለቤተ መጻሕፍት ወርቅ ነው፤ ነገ ሌላ ተማሪ ሲመጣ ያንን አውጥተው ይሰጡታል። ሸሪክ ስትይዙ ሁልጊዜ «እኛ ከእናንተ ምን እንፈልጋለን» ከሚለው በፊት «ለእናንተ ምን ይቀርላችኋል» የሚለው መልስ ይኑራችሁ። ለማኅበር ከሆነ የተበታተነ ፎቶውን ስካን አድርጋችሁ በፍላሽ ማስረከብ ነው። ለትምህርት ቤት ከሆነ ለሴት ተማሪዎቹ ሥልጠና ነው።

ጊዜውንም አስቡበት። ሁሉም ሰው ማርች 8ን ይጠብቃል። የካቲት 29 ላይ የሴቶች ማኅበር ሁሉ ሰልፍና ስብሰባ ላይ ነው፤ ማንም ሳጥን አይከፍትላችሁም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጀምሩ። ለየካቲት ጽሑፉ ይድረስ።

ደረጃ 4፦ ምን ላይ እንደተስማማችሁ ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል፤ ጠበቃ አያስፈልግም። ሦስት ነገር ግን ግልጽ ይሁን።

አንደኛው የፎቶ ነገር ነው። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ፣ ማለትም የዊኪፔዲያ ፎቶዎች በሚቀመጡበት ድረ ገጽ ላይ፣ የወጣ ፎቶ ማንም፣ ነጋዴም ጭምር፣ ሊጠቀምበት ይችላል። ይህን መጀመሪያ ላይ አፍረጥርጣችሁ ተናገሩ። «ለትምህርት ብቻ» የሚል ፈቃድ እዚያ አይሠራም። ቤተሰብ ኋላ ላይ የእናቱን ፎቶ የልብስ ማስታወቂያ ላይ ቢያይ የሚጣላው ከእናንተ ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ መብት ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው የሚቆየው፤ ለመጽሐፍ ደግሞ ጸሐፊው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ስለዚህ ብዙ የድሮ ፎቶ ነጻ ነው። ኮመንስ ግን የአሜሪካንን ሕግም ያያል፤ ከመጫናችሁ በፊት እዚያው የእርዳታ ገጽ ላይ ጠይቁ። አዲስ ፎቶ ከሆነ ፈቃዱን በኢሜይል መላክ ያለበት ፎቶ አንሺው ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ወይም ፎቶው ያለበት ስልክ ባለቤት መብቱ የለውም። ይህ ሁሌ ያከራክራል።

ሁለተኛው፣ ጽሑፉ ላይ ማን ያዛል? ማንም። ሸሪካችሁ ረቂቁን አይቶ ስህተት ሊያርም ይችላል። «ይህን የእስር ታሪክ አውጡት» ማለት ግን አይችልም። እምቢ ካለ ፎቶውን ተዉትና በጋዜጣው ብቻ ጻፉ።

ሦስተኛው፣ ተቀጣሪ ሠራተኛ በሥራ ሰዓቱ ስለ መሥሪያ ቤቱ ከጻፈ በተጠቃሚ ገጹ ላይ ይህንን መግለጽ አለበት። ሕግ ነው። ሲደበቅ ይታወቃል፤ ሲታወቅ ደግሞ የቡድኑ ሥራ በሙሉ ይጠረጠራል።

ሸሪክነቱ ሲጠነክር አንድ ልምድ ያለው ጸሐፊ ተቋሙ ውስጥ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ሙዚየም አንድ የዊኪፔዲያ ጸሐፊ ለ5 ሳምንት እንዲህ አስቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኗል። ለእኛ በሳምንት ግማሽ ቀንም ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ከጽሑፍ ቀን በፊት የምንጭ ቀን

አራቱን ማክሰኞዎች ለዚህ ነው የጠየቃችሁት። በእያንዳንዷ ሴት ስም አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ ቴሌግራም ላይም ቢሆን ይሠራል። የገጹን ፎቶ ስታነሱ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና የገጽ ቁጥሩ አብሮ ይግባ። አንድ ጊዜ 40 ፎቶ አንስቼ ቤት ስገባ አንዱም ላይ ቀን የለም። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ግን ማጣቀሻ አይሆንም። ተመልሼ ሄድኩ።

ሁለት ምንጭ እንኳ ያልሞላ ፎልደር ለጽሑፍ ቀን አይቀርብም። ይቆያል።

ከጋዜጣ ስትወስዱ የዘመኑን ቀለም አትርሱ። የመንግሥት ጋዜጣ ነው። «ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው» ካለ «አዲስ ዘመን እንደዘገበው» ብላችሁ ጻፉ። የገድል መጻሕፍትም እንደዚሁ ናቸው። የወለተ ጴጥሮስ ገድል በ1672 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ድንቅ ምንጭ ነው፤ ነገር ግን ገድል ነው፤ የታሪክ ምሁራን ያጠኑትን ከጎኑ አስቀምጡ።

የቃል ታሪክስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። አንዲት የ85 ዓመት እናት ቁጭ ብለው የነገሯችሁን ቀጥታ ዊኪፔዲያ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ ያልታተመ ነገር ምንጭ አይሆንም። ሸሪክ የሚጠቅመው ግን ይኼኔ ነው። ቃለ ምልልሱን በፈቃዳቸው ቅረጹ፤ ዩኒቨርሲቲ፣ መጽሔት ወይም ሬዲዮ በራሱ አዘጋጅ አጣርቶ ያውጣው። ከወጣ በኋላ ያንን ትጠቅሳላችሁ። መንገዱ ይረዝማል፤ ግን ድምፃቸው የሚቀረው በዚህ ነው። ቅጂውንም ለቤተሰቡ ስጡ።

ደረጃ 6፦ አማርኛው

እዚህ ላይ ብዙ ልቆይ ነው፤ ከሌላ አገር መመሪያ የማታገኙት ስለሆነ።

ስም። የኢትዮጵያ ሴት የአባቷን ስም ትይዛለች እንጂ የቤተሰብ ስም የላትም። ስለ ስንዱ ስትጽፉ በሁለተኛው አንቀጽ «ገብሩ» ካላችሁ የጠራችሁት አባታቸውን፣ ከንቲባ ገብሩን ነው። በእንግሊዝኛ ስትጽፉም ስንዱ በሉ። ዊኪዳታ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ባዶ ተዉት፤ ለአባት ስም ለብቻው ቦታ አለ። የገዳም ስም ያላቸውን ደግሞ በታወቁበት ስም ክፈቱና ከሌላው ስም ወደዚያ የሚመራ ገጽ ሥሩ። «የውብዳር ገብሩ» ብሎ የፈለገም፣ «ፅጌ ማርያም» ብሎ የፈለገም እማሆይ ዘንድ ይድረስ።

አንቱታ። «ተወለደች» ነው «ተወለዱ»? ሁለቱንም የሚያስኬድ ክርክር አለ። የእኔ አቋም፣ የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ይሁን። ባልየው «ተሾሙ» ሚስትየዋ «ተሾመች» የሚል ገጽ አይቻለሁ፤ አንድ አንቀጽ ውስጥ። ጸሐፊው አላስተዋለውም። አንባቢዋ ግን ታስተውለዋለች። እኔ እዚህ ጽሑፍ ላይ በስም የጠቀስኳቸውን ሁሉ አንቱ ብያለሁ፤ እንደ መዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ ቢሆን ግን ሁሉንም በአንተና በአንቺ እጽፍ ነበር።

ቅጽል። «ጀግናዋ»፣ «ዕንቁዋ»፣ «የሴቶች ኩራት» ይውጡ። የሠራችው ይጻፍ። «ቆራጥ አርበኛ ነበሩ» ከማለት የት ተዋግተው፣ መቼ ተይዘው፣ የት ታስረው እንደተፈቱ መጻፍ ይበልጣል። ስንት ልጅ እንዳላት ስትጽፉም ራሳችሁን ጠይቁ፤ ወንድ ቢሆን በመጀመሪያው አንቀጽ ትጽፉት ነበር?

ዘመን አቆጣጠር። ብዙ ስህተት የሚገባው በዚህ ነው። 1942 ዓ.ም. ማለት ከሴፕቴምበር 1949 እስከ ሴፕቴምበር 1950 ያለው ነው። ወሩን ካላወቃችሁ ዝም ብላችሁ 8 አትደምሩ፤ «1949/50 እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ። የስንዱ ምርጫ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበርና በኦክቶበር 1957 ነው፤ ይህ መስከረም 1950 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል፤ 8 የቀነሰ ሰው ግን 1949 ይጽፋል። ዊኪዳታ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አይቀበልም። ስለዚህ ምንጩ ላይ ያለውን ቀን በጽሑፉ ውስጥ እንዳለ አስቀምጡና የተሰላውን በቅንፍ አድርጉት።

ትርጉም። ከእንግሊዝኛ ገጽ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም መሣሪያ ዊኪፔዲያ ውስጥ አለ። ለመነሻ ይረዳል። ያወጣውን ሳትነኩ ከለጠፋችሁ ግን ታሳፍራላችሁ፤ እኔ አፍሬበታለሁ።

ደረጃ 7፦ ቅዳሜው

አሁን አዳራሹ። ከ15 ሰው አይብለጥ። አሠልጣኞቹ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ።

አካውንት ከሳምንት በፊት ይከፈት። ከአንድ የኢንተርኔት መስመር በቀን የሚከፈተው አካውንት በጣም ጥቂት ነው፤ 6 ያህል። 15 ሰው በአንድ ዋይፋይ ሲሞክር ሰባተኛው ላይ ይዘጋል፤ ግማሹ ቀን በዚያ ያልቃል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ደግሞ አዲስ ገጽ ቀጥታ ለመክፈት 4 ቀንና 10 ኤዲት ይጠይቃል። የአማርኛው ይህን ያህል ጥብቅ አይደለም። በየቤታቸው ሆነው የቀበሌያቸውን፣ የትምህርት ቤታቸውን ገጽ ፊደል እያረሙ አስሩን ይጨርሱ። የአካውንቱ ስም የራሳቸው ስም ባይሆን እመክራለሁ፤ በተለይ ለሴቶች። ስለ ሴቶች የሚጽፉ ሴቶች ላይ ስድብ ይመጣል፤ ስልክ ቁጥር ድረስ የሚፈልግም አለ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ይሁን። ማታ የሚያልቅ ፕሮግራም ሴቶቹን ለትራንስፖርት ያስቸግራል። ልጅ ይዛ ለምትመጣም አንድ ክፍል አዘጋጁ። መብራት ይጠፋል፤ ስለዚህ ፎልደሮቹ ስልክ ላይ ወርደው ይጠብቁ፤ ጽሑፉም ማስታወሻ ላይ ይጻፍና ኋላ ይለጠፍ። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በስልክ ስለሆነ ሥልጠናውን በላፕቶፕ አታሳዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ለአንዲት ሴት። አንዱ ምንጩን ያነብባል፣ አንዱ ይጽፋል። መጀመሪያ በራሳቸው የሙከራ ገጽ ላይ። ከእያንዳንዱ ዓረፍ ነገር በኋላ ማጣቀሻ። አንድ አሠልጣኝ አይቶ «ይሁን» ሲል ወደ ዋናው ገጽ ይዛወራል። በቀን 5 ጽሑፍ ከወጣ ተሳክቷል። አሥራ አራት አትበሉ፤ እኔ ብያለሁ።

ደረጃ 8፦ ከቅዳሜው በኋላ

በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰው ተመድቦ ይህን ይሥራ። አዲሱን ገጽ ከአባት፣ ከባል፣ ከትምህርት ቤት፣ ከከተማ ገጾች ጋር ሊንክ ያድርግ። ማንም የማይጠቁመው ገጽ ማንም አያነብበውም። የስንዱ ገጽ ወደ እህታቸው፣ የእህታቸው ወደ ስንዱ፣ የሁለቱም ወደ ከንቲባ ገብሩ ይመልከት። ዊኪዳታ ላይ ስሙን በአማርኛም በላቲንም ያስገባ። ፎቶውን ይጫን።

ገጽ እንዲሰረዝ ሐሳብ ቢቀርብ አትሳደቡ፤ «ሴት ስለሆነች ነው» ብላችሁም አትጀምሩ። ሊሆን ይችላል፤ ግን አይረታም። የውይይት ገጹ ላይ ምንጮቹን ከነቀናቸው ዘርዝሩና ጠብቁ። ዘመቻ ጠርታችሁ 20 አዲስ አካውንት «ይቆይ» እንዲል አታድርጉ፤ ወዲያው ያስነቃል።

ለሸሪካችሁ የገባችሁትን ማውጫ ሳትዘገዩ አድርሱ። እኛ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ይዘን የሄድነው 11 ገጽ ነበር፣ በስፓይራል የተጠረዘ። ኃላፊው አመሰገኑን። ጥራዝ ያመጡልን የነበሩት እናት ግን መነጽራቸውን አድርገው ስልኬ ላይ ገጹን ማንበብ ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ በጣታቸው እየሳቡ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆሙ።

«ይኼ ዓመተ ምሕረት ተሳስቷል።»

«እማማ፣ ጋዜጣው ላይ እንዲህ ነው የሚለው።»

«እሱማ ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ማረሚያ አውጥቷል፤ ቆይ ላምጣልህ።»

አመጡት። እውነትም አውጥቷል። እዚያው ቆመን አካውንት ከፈትንላቸውና ራሳቸው አረሙት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስንሄድ ጠረጴዛው ላይ አራት ጥራዝ፣ በየመሀሉ ወረቀት እየተሰካ፣ ተደርድሮ ጠበቀን።